ፎጣ ይዞ መቆም

ባለፈው ነሐሴ የማዳሜን ልጅ ይዤ ባሕር ዳር ያለ አንድ ክለብ ሄድኩ። እሱ ገንዳው ውስጥ ሲንቦጫረቅ እኔ ፎጣውን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬን እንኳ ልንከር ስል ጠባቂው መጥቶ «ለሠራተኛ ክልክል ነው» አለኝ። እህቶቼ፣ ስንቶቻችን እናውቀዋለን! ማን ውሃ እንደሚገባ የሚወስነው ማነው? ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ንባቤ ወደ አህጉራችን ወሰደኝ። ካና ይባል የነበረው የአፍሪካ የዋና ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ነፃ ከወጡ ገና አሥር ዓመት ቢሆናቸው ነው። የዓለሙ ፌዴሬሽን ፊና ግን ለንደን ላይ ከተቋቋመ ከ1908 ጀምሮ ነበር።

ያኔ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ውሃውም በቀለም ተከፍሎ ነበር። በ1953 የወጣው ሕግ የሕዝብ ቦታዎችን በዘር ለየ፤ ለጥቁሩ የሚሰጠው ቦታ ከነጩ እኩል መሆን አያስፈልገውም እስከ ማለት ደረሰ። ፒተር ማጉባኔ በ1956 ጆሃንስበርግ ያነሳው አንድ ፎቶ አለ። «ለአውሮፓውያን ብቻ» የሚል አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ነጭ ሕፃን ተቀምጣለች፤ ጥቁሯ ሞግዚቷ ከወንበሩ ጀርባ ናት። ያንን ፎቶ ሳየው ፎጣዬ ትዝ አለኝ።

ካና በተመሠረተ በ3 ዓመቱ፣ በ1973፣ ፊና ደቡብ አፍሪካን አባረረ። ካና ብቻውን አስባረራት አልልም፤ ኦሊምፒክም ቀድሞ በሩን ዘግቶባት ነበር። በ1974 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋና ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ሲደረግ ግን እሷ አልነበረችም። ከውሃው ያስወጣችው ሰው ብዙ ነበርና አሁን ተራው የሷ ሆነ። የመለያየቱ ሕግ በ1990 ተሻረ፣ ዋናተኞቿም በ1992 ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ ተመለሱ። በእርግጥ ሕግ ስለተሻረ ብቻ የድሃ ልጅ ዋና አይለምድም። ገንዳ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አሠልጣኝም ይፈልጋል።

እዚህ ሊባኖስም በ2012 የቱሪዝም ሚኒስቴር የባሕር ዳር ክለቦች ሰውን በዘርና በዜግነት ሳይለዩ እንዲያስተናግዱ መመሪያ አውጥቷል። ያ ጠባቂ ሰምቶት ይሆን? እኔማ ዓረብኛውን አሳትሜ ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ይዤዋለሁ። የፊታችን እሑድ ከማኅበሩ ሦስት ሆነን ወደዚያው ክለብ እንሄዳለን፤ የመግቢያውን አዋጥተናል። ዋና የምትችለው አንዷ ብቻ ናት።