አዳማን ማን ይጻፋት?

በ1979 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ርዕሱ የናዝሬት ከተማ ታሪክ ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ናዝሬት እኮ ምሳ ተበልቶባት የሚታለፍ ከተማ ናት፤ ወይ አዲስ አበባን ያዝ፣ ወይ ገጠሩን» አሉኝ። እሺ ብዬ ስለ አዲስ አበባ ጻፍኩ። የክፍል ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፤ አብዛኞቻችን ያደረግነው ይህንኑ ነው።

እኔ ግን የወንጂ ልጅ ነኝ። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ባስጀመረው ስኳር ፋብሪካ አባቴ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ስኳሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ደመወዙ ግን ናዝሬት ላይ ይመነዘራል። ጫማ የሚገዛልን እዚያ፣ ሐኪም ዘንድ የምንወሰደው እዚያ፣ ሲኒማ የምናየውም እዚያው ነው። «ከተማ ልሄድ ነው» ካልን ናዝሬት ማለታችን ነው። አዲስ አበባን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነበር።

ለካ የአማካሪዬ ምሳ ራሱ ታሪክ ኖሯል! ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ናዝሬት ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። በኋላም የአሰላው መንገድ ከሐረሩ የሚለይባት ሆነች። ከአርሲ የሚወርደው እህልና ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት የሚገናኙት እዚህ ነው። ሹፌሩ ያድራል፣ ነጋዴው ያራግፋል፣ ደላላው ሁለቱንም ያገናኛል። ስለዚህ «የአዲስ አበባ ሳተላይት» ሲሏት አይዋጥልኝም። ቡራዩና ሰበታ ያደጉት ከዋና ከተማዋ ጋር ተያይዘው ነው፤ አዳማ ግን የራሷ ገጠር፣ የራሷ ደንበኛ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ የነበረችውም አለ ምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት፣ «በቃ፣ ናዝሬት አበቃላት፤ ማን ይቆምባታል?» ያልን ነበርን፤ እኔም አንዱ ነኝ። ተሳስቻለሁ። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ለሥልጠና ወደዚያ መውረድ ለመደ (አበሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ)፤ ሆቴሉም በዝቶ በዝቶ ጉድ አሰኘ። የኤሌክትሪኩ ባቡር ግን ሌላ ነው። ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ የድሮው ጣቢያ ለገበያው ያደርግለት የነበረውን ይህኛው አያደርግለትም።

ያኔ ርዕሴን ከመጣሌ በፊት ሦስት አረጋውያን የባቡር ሠራተኞችን አነጋግሬ ነበር። ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። በወንጂም የአባቴ ዘመን ሰዎች ተመናምነዋል። እናንተ እያስተማራችሁ ያላችሁ መምህራን፣ ነገ አንድ ተማሪ ስለ አዳማ፣ ስለ ሞጆ ወይም ስለ ቢሾፍቱ ልጻፍ ብሎ ሲመጣ እባካችሁ አትመልሱት። ያነጋገርኳቸውን ሰዎች ቃል የጻፍኩበት ባለ 32 ገጽ ደብተር አሁንም ቤቴ አለ። እርሳሱ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል፤ የሚፈልገው ተማሪ ካለ መጥቶ ይውሰደው።