ደጅ ጥናት፦ ሁሉን ካልነካ የማይረጋው አለቃ

መስሪያ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን አለቃ አያጣውም። ደብዳቤያችሁ ላይ አራት ነጥብ ሳያስተካክል አይፈርምም። እረፍት የወጣ ቀን ስራው ሁሉ ይቆማል። ፈረንጆች ማይክሮማኔጅመንት ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ሳይመጣ ግብሩ ነበር፤ ዘመናዊ ቢሮክራሲያችን የተወለደው ቤተ መንግስት ደጃፍ ላይ ነውና።

ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ፣ በ1935 ዓ.ም. የየሚኒስትሩን ስልጣንና ተግባር የሚወስን ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ወረቀቱ ላይ ወሰን ተሰመረ፤ በተግባር ግን ሚኒስትሮቹ ጉዳያቸውን ይዘው ንጉሱ ፊት መቅረባቸውን ቀጠሉ። ውጭ አገር ሊማር የሚሄድ ተማሪ እንኳ ተሰናባች ሆኖ ፊታቸው ይቀርብ ነበር።

ውጤቱስ? አለቃ ሁሉን ልወስን ሲል ትልቁ ሰው በሩን የያዘው ይሆናል። የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ያን ያህል የገነኑት የንጉሱ ትእዛዝ በእጃቸው ስለሚያልፍ ነው።

ደጅ መጥናቱን እምቢ ያለም ነበር። አሜሪካ ተምሮ የመጣው ገርማሜ ንዋይ ወላይታ ውስጥ ሲያስተዳድር መሬት ለሌላቸው መሬት አደለ። ባለርስቶች አቤት አሉ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሱ ብራዚል ሳሉ ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መፈንቅለ መንግስት ሞከረ። ከሸፈ፤ ደምም ፈሰሰ።

በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደ። ልማድ ግን በአዋጅ አይሻርም፤ ሚኒስትሩ አሁንም ዓይኑ ቤተ መንግስቱ ላይ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ ሲያምጽ፣ መምህሩና ታክሲ ነጂው ስራ ሲያቆም፣ ካቢኔው ስልጣን ለቀቀ። ንጉሱ 81 ዓመታቸው ነበር። መወሰን ያልለመደ መንግስት በአንድ ጀምበር ወሳኝ ሊሆን አልቻለም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? እንደ ሚኒስትሮቹ ደጅ እየጠናን እንኑር ወይስ እንደ ገርማሜ እንፈንዳ? መካከለኛ መንገድ ያለ ይመስለኛል። እኔም እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ። «ምን ላድርግ?» እያልኩ ስገባ እስከ ማታ ያቆመኝ ነበር። «ይህን ላደርግ ነው፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ስጀምር ግን ቀስ በቀስ ለቀቅ አደረገኝ። ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ። የቃል ትእዛዝ ሲሰጣችሁ በሁለት መስመር ጽፋችሁ አረጋግጡ። ወሰናችሁን በትንንሽ ጉዳይ አስፉ።

የዛሬ ጀማሪ የነገ አለቃ ነው። ዛሬ መወሰን ካልተለማመድን፣ ነገ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ እኛም አራት ነጥብ አራሚዎች መሆናችን አይቀርም።