ንጉሡ፣ ሹሙና ብርድ ልብሱ

ማሁዋንግ ታንግ የሚባለው ጥንታዊ የቻይና መድኃኒት ውስጥ የሚገቡት አራት ነገሮች ብቻ ናቸው። ስሙን የሰጠው ማሁዋንግ ቅጠል ያለው የማይመስል፣ እንደ መጥረጊያ ቀጫጭን አረንጓዴ ዘንግ የሚያወጣ የደረቅ አገር ቁጥቋጦ ነው፤ በሳይንሱ ስም ኤፌድራ። ሁለተኛው ቀረፋ ነው፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ልጡን ሲሆን እዚህ የሚገባው ግን ቀጭኑ ቅርንጫፍ ነው። ሦስተኛው መራራ የአፕሪኮት ፍሬ ዘር፣ ያውም ተቆጥሮ 70። አራተኛው ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር፣ በእሳት የተጠበሰ። ይህ ሁሉ ተቀቅሎ ትኩሳት ለያዘው፣ ራሱንና መገጣጠሚያውን ለሚያመው፣ ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ ላብ ግን እምቢ ላለው ሰው ይሰጣል።

የዛሬ የቻይና ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ብትከፍቱ አራቱ እንደ ቤተ መንግሥት ሰዎች ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ማሁዋንግ ንጉሥ ነው፤ ላብ የሚያወጣውና ደረትን የሚከፍተው እሱ ነው። ቀረፋ ሹም ነው፤ ሰውነት እያሞቀ ንጉሡን ያግዛል። የአፕሪኮት ዘር ረዳት ነው፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠሩን ይይዛል። ሊኮሪስ ደግሞ መልእክተኛ፤ ሦስቱን ያስማማል፣ የንጉሡንም ቁጣ ያበርዳል።

ለፕሮግራመር ይሄ ወዲያው ልብ ይሰርቃል። አራት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ የተወሰነ ሥራ፣ ከሥር አንድ የሚያቀናጅ። እንዲህ ንጹሕ የሆነ ኮድ በሥራ ላይ ስንቴ ያጋጥማል? ግን መድኃኒቱን መጽሐፍ ውስጥ ያስገባው ሰው ስለ ንጉሥና ስለ ሹም አንድም ነገር አልጻፈም።

ሰውየው ዣንግ ዦንግጂንግ ይባላል፤ በሃን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መገናኛ የኖረ የናንያንግ አካባቢ ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስሙ በሚታወቀው መግቢያ ላይ እንደተነገረው ቤተዘመዱ ከ200 ሰው በላይ ነበር። ከ196 ወዲህ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሁለት ሦስተኛው አለቀ፤ ከሞቱት ከአሥሩ ሰባቱን የገደለው “የብርድ ጉዳት” ያሉት ትኩሳታም በሽታ ነው። ሻንግሃን ሉን፣ ማለትም የብርድ ጉዳት ድርሳን፣ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉ በጦርነቱ ተበታትኖ ዋንግ ሹኸ የተባለ ሐኪም ሰበሰበው፤ በ1065 ደግሞ የሶንግ መንግሥት አርሞ አሳተመው። ዛሬ የምናነበው በዚያ መንገድ የመጣውን ነው።

ታዲያ ንጉሡ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣፍጣል። የሸንኖንግ የዕፅዋት መጽሐፍ የተባለው ጥንታዊ ሥራ 365 መድኃኒቶችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፦ 120 ነገሥታት፣ 120 ሹማምንት፣ የቀሩት 125 ረዳቶችና መልእክተኞች። መለኪያው ግን ሌላ ነው። ንጉሥ የሚባለው መርዝ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ቢወሰድ የማይጎዳ፣ ዕድሜ ያስረዝማል የተባለ መድኃኒት ነው። በሽታን ፊት ለፊት የሚገጥመው ኃይለኛው መድኃኒት ከታች ነው የተቀመጠው። በዚህ ዝርዝር ሊኮሪስ ከነገሥታቱ አንዱ ነው። ማሁዋንግ ደግሞ ሹም! መማሪያ መጽሐፉ ንጉሥ ያለው ሹም፣ መልእክተኛ ያለው ንጉሥ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ሱ ዌን የተባለው ሌላ ጥንታዊ ጽሑፍ ነው ነገሩን የገለበጠው። በዚያ አረዳድ ንጉሥ ማለት የያዘህን በሽታ በዋናነት የሚገጥመው ነው፤ ሹም እሱን የሚያግዘው። ጽሑፉ እንዲያውም ይህ ከሦስቱ ደረጃዎች ጋር እንዳይምታታ ለይቶ ያስጠነቅቃል፤ ሰዎች ያምታቱ ነበር ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ክፍል በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው ይላሉ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቼንግ ዉጂ የተባለ ሐኪም የዣንግን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እያነሳ ሥልጣን አከፋፈላቸው። ማሁዋንግ የነገሠው ያኔ ነው፤ መድኃኒቱ ከተጻፈ ከ900 ዓመት በላይ ቆይቶ።

በእኛ ቋንቋ ይሄ ኮሜንት ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ሄዷል፣ ኮዱ ይሠራል፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ሌላ ሰው “ይሄ መስመር ለዚህ ነው” ብሎ ከጎኑ ጻፈበት። ኮሜንቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ተማሪው መድኃኒቱን እንዲያስታውስና እንዲቀይር ያስችለዋል። ቀረፋውን አውጥታችሁ በቦታው ጂፕሰም የሚባለውን ድንጋይ ብታስገቡ ያው የዣንግ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሌላ መድኃኒት ታገኛላችሁ፤ እሱ ላብ እየወጣው ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ነው። ሹሙ ተሻረ፣ የመንግሥቱ ፖሊሲ ተለወጠ። ኮሜንቱ እንዲህ ሲሆን ይጠቅማል።

እኔን ግን የሚገርመኝ ዣንግ ራሱ የጻፈው ነው፤ እሱም አሠራሩና አወሳሰዱ። ማሁዋንጉ በ9 ሼንግ ውሃ ብቻውን ቀድሞ ይቀቀላል (አንድ የሃን ዘመን ሼንግ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ነው)። ውሃው 2 ሼንግ ሲቀንስ አረፋው ይገፈፋል፣ ሌሎቹ ይገባሉ፣ 2 ሼንግ ተኩል ሲቀር ይጠለላል። በሽተኛው ከአንድ ሼንግ ትንሽ የሚያንስ ሞቅ ያለውን ጠጥቶ ይሸፈናል፣ ቀለል ያለ ላብ እስኪያወጣው። ከዚያ በኋላ ያለው ባጭሩ፣ የቀረውን እንደ ቀረፋው መድኃኒት አድርግ የሚል ነው። ወደዚያኛው ተመልሳችሁ ስታነቡ ዝርዝሩን ታገኛላችሁ፦ ለሁለት ሰዓት ያህል ተሸፈን፤ ላቡ እንደ ውሃ መውረድ የለበትም፤ በመጀመሪያው መጠን ላብ ወጥቶ ከተሻለህ አቁም፣ የቀረውን አትጨርስ። ቀረፋው ላይ ትኩስ ቀጭን የሩዝ ገንፎ ይጠጣበታል፤ ማሁዋንጉ ላይ ገንፎው አያስፈልግም ተብሏል። ፋንክሽን ጠርቶ አንዱን መስመር መለወጥ ማለት ይሄ ነው፤ ከኮምፒውተር በፊት 1700 ዓመት።

ማን መውሰድ እንደሌለበትም ጽፏል፦ ጉሮሮው የደረቀ፣ ነስር የሚያዘወትረው፣ ብዙ ደም የፈሰሰው፣ እንዲሁም ድሮውኑ ላብ የሚበዛበት ሰው በላብ አይታከምም።

በ1885 ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ከማሁዋንግ ኤፌድሪንን ለየ። በ1920ዎቹ ደግሞ በፔኪንግ ዩኒየን ሜዲካል ኮሌጅ ቼን ኬኩዊና ካርል ሽሚት ኤፌድሪን እንደ አድሬናሊን ልብን እንደሚያፋጥን፣ የደም ግፊትንም እንደሚጨምር አሳዩ፤ ያውም በአፍ ተውጦ። የመተንፈሻ ቱቦን ስለሚከፍት ለአስም በሽተኛ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ንጉሡ ያለ ሹም፣ ያለ መልእክተኛ ብቻውን ሠራ ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ የግድ ነው ለሚሉ ሰዎች ይሄ የማይመች እውነት ነው።

ከዚያ የአሜሪካ ገበያ መጣ። በ1990ዎቹ ኤፌድራ ውፍረት ለመቀነስና ጉልበት ለመጨመር በየሱቁ የሚሸጥ ኪኒን ሆነ፤ ብዙ ጊዜም ከካፌይን ጋር፣ ማለትም ልብን ወደዚያው አቅጣጫ ከሚገፋ ሌላ ነገር ጋር። የልብና የስትሮክ አደጋዎች ተመዘገቡ። በ2003 አንድ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ ሙቀት መትቶት ሞተ፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከምክንያቶቹ አንዱ ኤፌድራ ነው አለ። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማሟያ ምግብነት እንዳይሸጥ ከለከለ።

“አያችሁ፣ መልእክተኛውን ስላወጡት ነው” የሚል ክርክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እኔ አይዋጥልኝም። ሊኮሪስ ኤፌድሪንን የሚያስር ገመድ አይደለም፤ እንዲያውም ራሱ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል። የጎደለው ማቆሚያው ነው። የዣንግ በሽተኛ አልጋ ላይ ተሸፍኖ ላቡን ይጠብቃል፤ ላቡ ሲመጣ ማሰሮው ውስጥ የቀረው ይቀራል። የኪኒኑ ደንበኛ ሜዳ ላይ እየሮጠ፣ እየላበ፣ ለወራት በየቀኑ ይውጣል። መጽሐፉ አትስጠው ያለው ሰው ማለት ነው። ማቆሚያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ምን ያህል ቆንጆ ክፍሎች ብትደረድር ሰርቨሩ መውደቁ አይቀርም።

ክልከላው በቻይና ባህላዊ ሕክምና አዋቂዎች የሚታዘዘውን ማሁዋንግ አልነካም። እዚያ ዛሬም ቀድሞ የሚቀቀለው እሱ ነው፤ ቀረፋው፣ ዘሩና ሊኮሪሱ አረፋው እስኪገፈፍ ይጠብቃሉ።