አክንባሎ

አክንባሎ ሊጥ ምጣድ ላይ ዞሮ ከፈሰሰ በኋላ የሚደፋበት፣ አናቱ ላይ መያዣ ያለው ሾጣጣ ክዳን ነው። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የቆየው ዓይነት ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተቦክቶ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ግን ቆርቆሮ ወይም አሉሚኒየም ነው።

እንጀራ ስለማይገላበጥ ሥሩ በምጣዱ ግለት፣ ገጹ በታፈነው እንፋሎት ይበስላል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎንደር ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የእንፋሎቱ የሙቀት መጠን በቆላ ካለው ዝቅ ይላል።

አክንባሎ ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ የእንጀራው ጠርዝ ይደርቃል፣ ገጹም በደንብ አይበስልም። መንስኤዎቹ የጭቃው ከንፈር መሸረፍ፣ የቆርቆሮው መጣመም ወይም የክዳኑና የምጣዱ ስፋት አለመመጣጠን ናቸው። ክፍተቱን ለማግኘት በመጋገር ላይ እንፋሎት በየት በኩል እንደሚወጣ ይታያል። የተሸረፈው በጭቃ ተለስኖ ይደርቃል፤ የተጣመመው ይቃናል። ለጊዜው ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይታፈናል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ጨርቁ በደንብ ተጨምቆ ከሽቦ መራቅ አለበት። ስፋቱ የማይመጥን አክንባሎ ጥገና ስለማያቃናው በሌላ ይተካል።