ሰፈረ፣ ተነሣ፦ የፒያሳ ስሞችና የመልሶ ማልማት ቋንቋ

በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ እምብርት የሚገኘው ፒያሳ በብዛት ሲፈርስ፣ ለዓመታት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ውስጥ የቆየ አንድ ቃል በሁሉም አፍ ገባ። ቤታቸውን የለቀቁት ሰዎች «የልማት ተነሺዎች» ተባሉ። ቃሉ ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ቀላል አይደለም። «ተነሣ» የሚለው ግስ በአንድ በኩል ራስን ያንቀሳቅሳል፦ ሰው ከእንቅልፉ ይነሣል፣ መንገደኛም ሊሄድ ይነሣል። በሌላ በኩል ደግሞ ተደራጊ ነው፦ ዕቃ ከመንገድ ላይ ይነሣል፣ ግብር ከሕዝብ ላይ ይነሣል። ከ«ተ-» ግንድ የሚወጣው ስመ ባለቤትም ይህንኑ ሁለትነት ይወርሳል። «ተማሪ» አድራጊ ነው፤ «ተከሳሽ» ግን የሚደረግበት ነው። «ተነሺ» በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ትርጉም ይይዛል፤ ተነሺው በገዛ እግሩ የተነሣ ይመስላል።

ሌላ ቃል አልጠፋም ነበር። «ተፈናቃይ» አለ። ይህም ከ«ተ-» ግንድ የወጣ ቢሆንም ሁለት ንባብ አይፈቅድም፤ ሥሩ «ፈነቀለ» ነውና፣ «መፈንቅለ መንግሥት» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለው ያው ሥር ኃይልን ያመለክታል። በጦርነት ወይም በግጭት ከቀየው የወጣ ሰው ተፈናቃይ ይባላል፤ በግንባታ ምክንያት የወጣው ተነሺ። ክፍፍሉ በአስተዳደር ቋንቋ ጠንካራ ነው። ከቤቱ የወጣው ሰው የሚጠብቀው ምትክ ቤትና ካሳ፣ የሚሰጠው መታወቂያ ጽሑፍ ሁሉ በዚህ የቃል ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ነው።

ሆኖም «ተነሺ» በዚህች ከተማ አፈር ላይ አዲስ ቃል አይደለም። ተቃራኒው «ሰፈር» ነው። «ሰፈረ» ማለት ጦር ወይም መንገደኛ አንድ ቦታ ላይ ዐረፈ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። «ከተማ»ም በመጀመሪያ ፍቺው የንጉሥ ሠራዊት የከተተበትን ስፍራ ይጠራ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን በአማርኛ ሲተርኩ፣ የንጉሡ ጉዞ በእነዚህ ሁለት ግሶች እየተያያዘ ይሄዳል፤ ከአንዱ ስፍራ ይነሣሉ፣ በሌላው ይሰፍራሉ። ሮናልድ ሆርቫት በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ዋና ከተሞች ተንከራታች ያላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእንጦጦ ወርዳ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ጉዞው የቆመባት ከተማ ሆነች፤ ድንኳኑ ቤት ሆነ፣ የሰፈረው ሠራዊት ነዋሪ ሆነ። ግሱ ግን በስሞቹ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ባሕሩ ዘውዴ የከተማዋን ቀደምት ሰፈሮች ባጠኑበት ጽሑፍ እንደሚታየው፣ መኳንንቱ በየኮረብታው ከነጭፍራቸው ሰፈሩና ቦታው በስማቸው ተጠራ። ከፒያሳ በቅርብ ርቀት ያለው ደጃች ውቤ ሰፈር የዚህ ዓይነት ስም ነው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ማዕረግን ሳይሆን ሙያን ይዞ የተሰየመ ነው፤ አንጥረኞችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ሠራዊቱ የሰፈረበት መሬት ባዶ አልነበረም። አካባቢው ፊንፊኔ ሲሆን፣ ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ የቆመበት ስፍራ ቢርቢርሳ ይባል እንደ ነበር ይነገራል፤ በአፋን ኦሮሞ የዝግባ ዛፍ ስም ነው። ይህ ስም በከተማው የዕለት ተዕለት አማርኛ ውስጥ አልቀረም። ዛፉ በመቆረጡ አይደለም፤ ብዙ ቦታዎች ዛፋቸው ከጠፋ በኋላም የዛፉን ስም ይዘው ኖረዋል። ቢርቢርሳ የጠፋው ስሙን በየቀኑ የሚጠሩት ሰዎች ከቦታው ስለ ተነሡ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሥሩ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የየመን ነጋዴዎች ሱቆች በአንድነት የከተማዋን የመጀመሪያ የንግድና የመዝናኛ ማዕከል ፈጠሩ። ገበያው የቋንቋ ገበያም ነበር። ከገጠር ቅቤና እህል ይዞ የመጣው ሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራጌኛ ይከራከራል፤ ጨርቅ ሻጩ በዐረብኛ ወይም በጉጅራቲ ይቆጥራል። ሥርዓት የሚያስከብረው «የአራዳ ዘበኛ» ነበር። ከዚህ ሁሉ የወጣው ዋና ቅርስ ግን «አራዳ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የቦታ ስም የነበረው ቃል የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ፦ ነቃ ያለ፣ የማይታለል፣ ከተሜ። ተቃራኒው «ፋራ» ተባለ። «አራድነት» የሚል ረቂቅ ስም ወጣለት፣ የወጣቱ ልዩ አነጋገርም «የአራዳ ቋንቋ» ተብሎ ተሰየመ። የቦታ ስም የሰው ጠባይ መጠሪያ ለመሆን ቦታው መታወቁ ብቻ አይበቃውም፤ በቦታው ያደጉ ሰዎች ራሳቸውን በቦታው የሚለኩ መሆን አለባቸው።

ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመታት አካባቢውን እንደ ፍላጎታቸው ሊያድሱት ሞክረዋል። የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ አዲስ ከተማ ወሰዱት፤ ያም ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። የምኒልክን ሐውልት ከአደባባዩ አወረዱት፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገዢዎቹ ሄዱ፣ ስማቸው ግን ቀረ፤ «ፒያሳ» አደባባይ ማለት ነው። የድምፅ ለውጡ ልብ ሊባል ይገባል። የጣልያንኛው ቃል በመካከሉ ያለው ድምፅ የ«ት»ና የ«ስ» ጥምር ነው። አማርኛ ይህን ድምፅ ፈንጂ አድርጎ በ«ጸ» ይዞታል፤ ፈንጂ ያልሆነው ግን የለውም። ተናጋሪዎቹ «ፒያጻ» አላሉም፣ «ፒያሳ» አሉ። ያላቸውን ፈንጂ ትተው የማይፈነዳውን መምረጣቸው፣ ቃሉን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ሰምተው እንደ ወሰዱት ይጠቁማል። ካዛንቺስም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም ምኅፃረ ስም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ ተነሥቶ አንድ ቃል ሆኗል። ፖፖላሬም የሕዝብ ቤቶች ከሚለው ነው። ሌላ ቅኝት ያለው ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ወጥቷል። በ1953 እ.ኤ.አ. በፒያሳ የተከፈተው የቡና ቤት ቶሞካ እንኳ ከሦስት የጣልያንኛ ቃላት መነሻዎች ተሠርቶ፣ ለአብዛኛው ጠጪ ትርጉም የሌለው ግን የማይሳሳቱት ስም ሆኗል።

ስለዚህ ስም ከፈጣሪዎቹ መሄድ በኋላ ሊኖር ይችላል፤ ከተናጋሪዎቹ መሄድ በኋላ ግን መኖር ይከብደዋል። ፒያሳና ቢርቢርሳ የዚህ አባባል ሁለት ጫፎች ናቸው።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት አካባቢው የኪነ ጥበብ ሰፈር ሆኖ ደመቀ። በ1927 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለማነሣሣት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ወደ ቴአትር ቤትነት አድጎ፣ ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያን ከመድረኩ ወጡ። ክራር፣ ማሲንቆና የነፋስ መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር ፊልም የሚያየው ሕዝብ ከወጣ በኋላ ኬክ ቤት ይሰለፋል፤ ወርቅ ቤቶቹ ሙሽሮችን ይጠብቃሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር ሌሊት ሌላ ስም ነበረው፤ ውቤ በረሃ። በመጠጥ ቤትና በሙዚቃ የተሞላን ሰፈር በረሃ ማለት፣ ገብቶ የማይወጡበት፣ ሕግ የማይደርስበት ስፍራ ነው ለማለት ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የዚህን ሰፈር ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ልብ ወለዱ ሲጽፍ የቡና ቤት ሴቶችንና የደንበኞቻቸውን አነጋገር ሳያለዝብ በመያዙ መጽሐፉ ለረጅም ዘመን በአማርኛ ሳይታተም ቆየ፤ በፈረንሳይኛ ትርጉም የወጣው ቀድሞ ነው። የፒያሳን የመናገሪያ ቋንቋ ታሪክ ለሚጽፍ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አይገኝም።

በዚህ ሰፈር ሕዝብ ያወጣቸው ስሞች ሹመኛ ካወጣቸው ስሞች የሚለዩት በሰዋስዋቸው ነው። መንግሥት የሚያወጣው ስም ስም ብቻ ነው፤ ቸርቸል ጎዳና፣ ደጎል አደባባይ። ሕዝብ ያወጣው ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ ግስ ወይም ድርጊት አለው። «ዶሮ ማነቂያ» በ«ማ-» እና በ«-ኢያ» የተሠራ የቦታ ስም ሲሆን፣ ሥራውን በግልጽ ይናገራል። «እሪ በከንቱ» ከዚህም ይልቃል፤ እርሱ ስም ሳይሆን ሙሉ ታሪክ ነው። ወንበዴ ይዞት እሪ ያለ ሰው ማንም እንዳልደረሰለት የሚነገረው ትረካ በሁለት ቃላት ተጠቅልሎ የመንገድ አመልካች ሆኗል። «ሰይጣን ቤት» የተባለው የቀድሞ ሲኒማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች በግድግዳ ላይ ስለሚንቀሳቀሰው ሰው የሰጡት ፍርድ ነው። እነዚህ ስሞች ትረካቸውን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ሲኖር ሕያው ናቸው። ትረካው ሲጠፋ «እሪ በከንቱ» እንደ «ቶሞካ» ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ሰዎቹ እንዴት ለዚህን ያህል ጊዜ በቦታቸው ቆዩ? መልሱ ባልተጠበቀ ስፍራ ይገኛል። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የመሐል ከተማው ጠባብ ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ሆኑ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ረጋ። ቤቶቹ አረጁ፣ ጣሪያቸው ዛገ፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ይህን ማለሳለስ አይገባም። ነገር ግን ያው ርካሽ ኪራይ አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን በአንድ ግቢ አቆየ። የአራዳ ቋንቋም የበለጸገው በዚህ ግቢ ነው፦ ከ«ነቃ» የወጣው «ነቄ»፣ ከዐረብኛ ሽበት የመጣው «ሼባ»፣ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱት «ፋዘር»ና «ማዘር» ከትውልድ ትውልድ እየተላለፉ ቆይተዋል። ዕድርና ዕቁብም እንዲሁ በበሩ ቅርበት የተመሠረቱ ነበሩ።

በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት የጃዝ ሙዚቃ ይቀርብበት የነበረውን ጃዛምባን ሲያቃጥል፣ ብዙዎች የአንድ ዘመን ማብቂያ አድርገው አዘኑ። ሆቴሉ ግን ታድሶ ቆመ፣ ሰፈሩም ባለበት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣው ሌላ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ «የኮሪደር ልማት» በሚል ስያሜ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ቤቶች ፈረሱ። «ኮሪደር» ለአማርኛ ተናጋሪ እስከዚያ ድረስ የሕንፃ ውስጥ መተላለፊያ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መንገድና መብራት ሆነ። አዲሱ ጎዳና ንጹሕ ነው፣ ሕፃናት በምሽት ይሮጡበታል፤ ይህንንም የሚክድ የለም። የዓድዋ መታሰቢያ በጣልያንኛ ስም በሚጠራ ሰፈር መግቢያ ላይ መቆሙን ግን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው፤ ማንም የ«ፒያሳ»ን ስም ለመለወጥ ያሰበ አይመስልም፣ አስፈላጊም አይደለም።

የተነሡት ሰዎች የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ባለ ይዞታ ከሆኑ ምትክ ቦታና ካሳ እንዲያገኙ ተደርጎ፣ ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። የከተማዋ ዳር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስሞች፣ እንደ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት፣ የአፋን ኦሮሞ ቃላትን ይዘዋል፤ እነዚያም ቦታዎች ቀድሞ ገበሬዎቻቸው የተነሡባቸው ናቸው። የቢርቢርሳ ታሪክ በከተማው ጠርዝ ላይ ዳግመኛ ተጀምሯል፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ስሙ በሰሌዳ ላይ መቆየቱ ነው። በመሐል ከተማ ደግሞ ስሞቹ ካርታ ላይ አሉ፤ ተናጋሪዎቻቸው ግን በሃያ አቅጣጫ ተበትነዋል።

ለመስክ ሥራ ይህ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የፒያሳን ስሞች ዛሬ የሚሰበስብ ሰው ከምኒልክ አደባባይ ቆሞ መጠየቅ አይበቃውም። «እሪ በከንቱ» ለምን እንዲህ ተባለ የሚለውን ትረካ፣ ዕድርተኞቹ በለቅሶ ቀን ከየዳሩ ሲሰባሰቡ ወይም በእሑድ ቅዳሴ ጊዮርጊስ ሲመጡ ማግኘት ይቀላል። መቅረጹ የሚጀመረውም አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ሳሉ ነው።

የታክሲ ረዳቶች ከዳር ወደ መሐል ሲጭኑ አሁንም «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጣራሉ። ተሳፋሪው ሲገባ የሚጠይቀው ግን ተለውጧል። ቀድሞ «ዶሮ ማነቂያ ታወርዳለህ?» ይል የነበረው፣ ዛሬ «ዓድዋ ሙዚየም ጋ» ይላል፤ አንዳንዱ አዛውንት ደግሞ የድሮውን ስም ጠርቶ፣ ረዳቱ ዞሮ ሲያየው፣ በጊዮርጊስ በኩል ብሎ ያርመዋል።