ሬሳው ባይመጣ ፈረሱ ይመጣል

የጎጃም ደጋ ሰው ዘማቹን መንገድ ዳር ወጥቶ ይሸኛል፤ ሲመለስም መንገድ ዳር ቆሞ ይቀበላል። ጭንቁ ሄዶ ላልተመለሰው ነው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ሣር ውኃ ላይ በመሐዲስቶች ድል ሆነዋል። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ዘምተዋል። በእነዚህ ዘመቻዎች ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ወጥቶ በሩቅ ሜዳ የቀረው ወታደር ብዙ ነው። አስከሬን በበቅሎ ጭኖ ሳምንታት መጓዝ አይሆንምና ሟቹ በወደቀበት ይቀበራል፤ ካልሆነለትም ሳይቀበር ይቀራል።

ታዲያ ወደ አገሩ የሚመለሰው ምኑ ነው? መርዶው ከተነገረ በኋላ ፈረሱ ተጭኖ ለልቅሶው ሜዳ ይወጣል። ጋሻው፣ ጦሩ፣ ለምዱ ይታያል፤ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጓዱ ቃል ነው። አብሮት የዘመተው ሰው እየፎከረ ይወጣና ሟቹ ጀርባውን እንዳልሰጠ ይመሰክራል። ቤተ ሰቡ በሬሳው ፋንታ የሚቀበለው ይህን ምስክርነት ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የጎጃም አርበኞች ድሉን አዩ። ከአምስቱ ዓመት ጓዶቻቸው ግን ለዚያች ቀን ያልደረሱ ነበሩ። ለዚያች ቀን የደረሰው በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። መንግሥት ለሰቀለው ሰው የክብር ሰልፍ አያወጣም፤ የበላይን ስም ወደ አገሩ የመለሰው የሕዝቡ አንደበት ነው። ዛሬ በሞተባት ከተማ በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመረው የቃኘው ጦር ዕድሉ ሌላ ነበር። ከ120 የሚበልጡት ሟቾቹ አስከሬናቸው ባሕር ተሻግሮ አገሩ ገብቷል። ያለ አስከሬን ማልቀስን ለለመደ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አርበኞቹም ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው፣ አንዱ የሌላውን አስከሬን ሲያጅቡ ኖሩ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቀብር ላይም ታይተዋል። በ1928 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ቢኖር መቶን ካለፈ ቆይቷል።

የመጨረሻው አርበኛ ሲሸኝ አብሬው ነበርሁ ብሎ የሚፎክርለት ጓድ አይኖርም። የሚመሰክርለት ታሪኩን ከአፉ ሰምቶ የያዘ ሰው ብቻ ነው። አያቱን ያልጠየቀ ልጅ ግን ልቅሶው ሜዳ ቢደርስም የሚለው ያጣል።