ጦቢያ ሁሩታ ስትነበብ

እኔ ባደግሁበት ቤት መጽሐፍ ለብቻ አይነበብም ነበር። ሁሩታ የስንዴ አገር ናት፤ ቀኑ የሥራ ነው። ንባብ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ነው። ተማሪው እኔ ስለነበርኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እናቴና ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም እናት ይሰማሉ፤ ታላቅ እህቴ ቡናውን ትቆላለች። እህቴ ያኔ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ውላለች።

አንድ ጊዜ ወንድሜ ከአሰላ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት «ጦቢያ» ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት የማውቀው ቤቱ በሳቅ መሞላቱን ብቻ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን በሐዘን ነው። አንድ የክርስቲያን ጦር አዛዥ ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ባደረገለት ውለታ ነፃ ይወጣል። ልጁ ዋህድ ያን ነጋዴ ፍለጋ ሲወጣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ልትፈልግ መንገድ ትጀምራለች። ሳቁ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌላ እምነት ካለው ንጉሥ ዘንድ ይደርሳሉ፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮም ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር ትወድቃለች። ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው «ኧረ ይቺ ልጅ ዛሬ ጉዷ ፈላ!» ብለው ሳቁ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በዓለም ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። የሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» የቆመውም በመንትዮች፣ ወንድ በመሰለች ልጅና አድራሻውን በሳተ ፍቅር ላይ ነው። «ጦቢያ» ግን ከእኛው አፈር የበቀለ ፍርሃት አለባት። መጽሐፉ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ሮም በታተመበት በ1900 ዓ.ም. ሰው አፍኖ መሸጥ ተረት አልነበረም፤ ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ጦቢያ ወንድ የመሰለችው ለጨዋታ ሳይሆን መንገዱ ሴትን ስለማያሳልፍ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜም ከዚያ ርእስ ወጥቶ የመላው ድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ልብስ እየለወጡ መኖርን ደራሲው ራሳቸው በሚገባ ያውቁታል። ዘጌ ተወልደው በጣሊያን አገር ሥዕል ተማሩ፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆኑ። በዐድዋ ጦርነት ዘመን ከጣሊያን ወገን ቆሙ፤ ከዚያም ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሩ። ኋላ አገራቸውን ሮም ውስጥ በዲፕሎማትነት ወከሉ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ደግሞ ወራሪውን አገለገሉ፤ ከነፃነት በኋላም ተግዘው በ1947 እ.ኤ.አ. ጅማ ላይ ሞቱ። የጦቢያ ልብስ ቤተሰቧን አገናኘ። የእርሳቸው መለዋወጥ ግን ስማቸውን ከሁለት ከፈለው፤ ድርሰታቸውን የሚያደንቅ ሁሉ ሥራቸውን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ቡናው ልመለስ። መጽሐፉ የሚያልቀው በሠርግ ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ያገባል፤ ዋህድም ያችን በእህቱ ፍቅር የተቃጠለችውን ወይዘሮ። አንብቤ ስጨርስ እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ግን ፈገግ ብለው «ደግ ነው ልጄ፤ ግን የተለወጠው የንጉሡ ወገን ብቻ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የአርሲ ሕዝብ በ1870ዎቹ ከምኒልክ ጦር ጋር ለዓመታት ተዋግቶ መሸነፉን፣ አፈወርቅም የዚያ ዘመንና የዚያ ቤተ መንግሥት ሰው እንደነበሩ ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ሮም የታተመ የደስታ ፍጻሜ አርሲ ላይ ሲነበብ ድምፁ ይለያል። ጎረቤታችን በአንዲት ጥያቄ፣ በቅሬታም ሳይሆን በፈገግታ፣ ይህን አስተማሩኝ።

ከአፈወርቅ በኋላ ሥነ ጽሑፋችን እንዲህ ያለውን ሳቅ ብዙ አላዘወተረም። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ያስታውሳል። ሰብለ ወንጌልም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የምትወደውን ፍለጋ መንገድ ትወጣለች። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ሃምሳ ስምንት ዓመት አለ፤ ሴቲቱ ግን ዛሬም ራሷን ሳትደብቅ መንገድ መውጣት አልቻለችም። ልዩነቱ የጦቢያ መንገድ ሠርግ ቤት፣ የሰብለ መንገድ መቃብር ማድረሱ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ስናነብ አልቅሰን ባላባቶቹን ረገምን። በጦቢያ ግን ስቀን ዝም አልን። ሳቅ የሚሸፍነው ነገር እንዳለ ልብ አላልንም።

በዚያ ቀን ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለ በሚተረትበት አገር ያቺ ልጅ አባቷን ይዛ አገር አቋርጣለች፤ ወንድሟን ፈልጋለች፤ ከንጉሥ ፊት ቆማለች። ሠርጉ ዘውድ ሰጣት፤ መንገዱን ግን ወሰደባት። ሁላችንም ስለ ንጉሡና ስለ ሙሽሮቹ ስናወራ፣ እህቴ የቡናውን ምጣድ ከእሳት አውርዳ ወደ እኔ ዞረች።

«ሱሪዋንስ የት ጣለችው?» አለችኝ።

መጽሐፉን ገልጬ ፈለግሁላት። አላገኘሁትም።